ከሀዋሳ የማያስወጣ ካርድ

እሁድ፣ ሰኔ 28 ቀን 2007

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ሙንተሃ ናት። አንድ ደንበኛ ሲያስጠርዘው ገጾቹ ተገልብጠው ስለተጠረዙ ጥሎት ሄደ። "አንድ ገጽ ሙሉ ሳትዋሽ ከጻፍክ የአሞራ ገደል ዓሣ እጋብዝሃለሁ" አለችኝ። ይኸው ጀመርኩ። ስሜ ሮቤል ነው፤ ሰው ሁሉ ሮቢ ይለኛል። አስረኛ ክፍል ላይ ትምህርትና እኔ በሰላም ተለያየን። ሀዋሳ ፒያሳ፣ ጋሽ ሙህዲን ሱቅ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ፣ ሰው አስቃለሁ። ለሦስተኛው የሚከፍለኝ የለም። ሙንተሃ የጋሽ ሙህዲን ልጅ ናት፤ ኮምፒውተሩ የእሷ ነው። እስካሁን ውሸት የለም።

አሁን ስለ ካርዱ። ታቦር ሰፈር ጋሽ መክብብ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ስዊድን ኖረው ሲመለሱ አንድ ካፖርት፣ አንድ ብስክሌትና አንድ የባንክ ካርድ ይዘው መጡ። ካፖርቱ በሀዋሳ ሙቀት ሥራ ፈትቷል። ካርዱ ግን ስንቱን ሰው ባሕር አሻግሯል። የሚበር ሰው ሁሉ ትኬቱን በኢንተርኔት የሚቆርጠው በእሳቸው ካርድ ነው። ሙንተሃ ቁጥሩን ታስገባለች፤ ጋሽ መክብብ አጠገቧ ቆመው እያንዳንዷን ቁጥር በዓይናቸው ይሸኛሉ።

ችግሩ አየር መንገዱ ነው። ቦሌ ላይ ሻንጣ ስታስረክብ ትኬቱ የተገዛበትን ካርድ አሳየኝ ይልሃል። ቁጥሩን አይደለም፤ ራሱን ፕላስቲኩን። ካላሳየህ ወንበርህ የለም። ስለዚህ ካርዱ ከተሳፋሪው ጋር አዲስ አበባ ይሄዳል፤ አጃቢው እኔ ነኝ። ተሳፋሪው ውስጥ ገብቶ ካሳየ በኋላ በጥበቃዎቹ በኩል ይመልስልኛል፤ እኔም ይዤው ወደ ሀዋሳ። ዘንድሮ አስራ አንድ ጊዜ ሄደናል። አስራ አንድ ጊዜ ቦሌ ደርሶ አንድም ጊዜ ያልበረረ ቢኖር እኔና ካርዱ ነን።

ካርዱ የሚጓዘው በጋሽ መክብብ አሮጌ የመነጽር ቤት ውስጥ ነው፤ "ካርዱ የእኔ ነው፣ ፈቅጃለሁ" ከሚል ደብዳቤያቸው ጋር። ክዳኑ በፕላስተር ይታሸጋል፣ እሳቸው ፕላስተሩ ላይ ይፈርማሉ። ከትኬት ተቀባዩ ፊት በቀር አይከፈትም። ሕጉ ይህ ነው።

ገጹ አለቀ። ዓሣዬን።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 2

ሰኞ ለባጃጅ ነጂው ለዋሲሁን "የሐይቅ ዳር መግቢያ ፈቃድ" ሠራሁለት። ፎቶውን ለጠፍኩ፣ ማህተሙን በብርጭቆ ቂጥ አከበብኩ፣ ላሚኔት አደረግሁ። "ከዛሬ ጀምሮ ያለዚህ ባጃጅ ሐይቅ ዳር አይገባም" አልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ለትራፊክ ሲያሳይ ከረመ። ትራፊኩም እያየ በክብር ይመልስለት ነበር አሉ፤ የገረመኝ እሱ ነው።

ዛሬ ደግሞ ጋሽ ሙህዲን ለሶላት መስጊድ እንደሄዱ ደወልኩላቸው። "ጋሼ፣ አባ ኮዳ ሱቅ ገብቶ ፎቶ ኮፒው ላይ ቆሟል። ብነካው ይነክሰኛል፣ ምን ላድርግ?" እግራቸውን ሲታጠቡ ነበር ለካ፤ በአንድ ጫማ እየሮጡ መጡ። ማሽኑን አዩ። ያ ትልቁ የሐይቅ ዳር ወፍ የለም። እኔን አዩ። "ሮቢ፣ ከዛሬ ጀምሮ በስልክ የነገርከኝን ሁሉ እንዳልሰማሁት ቁጠረው" ብለው ሌላውን ጫማቸውን ፍለጋ ተመለሱ። ሙንተሃ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ሳቀች። ጾመኛ ሰው እንዲያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም።

ረመዳን ስለሆነ ምሳዬን ከጀርባ፣ ወረቀት የምናስቀምጥበት ክፍል ነው የምበላው። እዚያ ቀዝቀዝ ስለሚል ነው።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7

ሙንተሃን ያመለከተችበት ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት። ሕንድ፣ ፑኔ የሚባል ከተማ፣ ፋርማሲ፣ አራት ዓመት። ኢሜይሉን ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። "እምቢ ብለውሻል" አልኳት። ፊቷ ሲለወጥ ግን ቶሎ ስክሪኑን አዞርኩላት። እስከ ነሐሴ 25 ያልተመዘገበ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ይላል። የእኔ እንግሊዝኛ ለዚህ ለዚህ ይበቃል።

አራት ዓመት።

ጥሩ ነው። ኮምፒውተሩ የእኔ ይሆናል።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 11

ትናንት ኢድ ነበር። ከእነ ሙንተሃ ቤት እስከ አፉ የሞላ ሳህን ተላከልን። እማዬ ሳህኑን ባዶ መመለስ ነውር ነው ብላ ዳቦ አድርጋበት እኔን ላከችኝ። ሙንተሃ በር ላይ ተቀበለችኝ። አዲስ ቀሚስ። "መጋረጃችሁ የት ሄደ ብዬ ስፈልግ" አልኳት። በዳቦው ልትመታኝ ነበር።


ሰኞ፣ ሐምሌ 20

ትናንት ገብርኤል ነበር፤ ከተማው እንግዳ በእንግዳ። ፎቶ የሚያወጣ፣ መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርግ፣ የጠፋ ዘመዱን ስም ጽፋችሁ ለጥፉልኝ የሚል። ማሽኑ ከእኔ እኩል ላበው።

በዚያ ግርግር መሀል ጋሽ ሙህዲን ከጎረቤቱ ጨርቅ ነጋዴ ጋር ሲያወሩ ሰማሁ። "ልጅቷ ስትሄድ ሱቁን ለሮቢ ነው የምተወው። ልጁ ቀልደኛ እንጂ ሌባ አይደለም" አሉ። ደረቴ ተነፋ። ሰውዬው ግን ምን አለ? "ሌባ ይሻላል። ሌባ የሚወስደው የሚታወቅ ነገር ነው።"

ይህ ሰው ጨርቅ ሲለካ ክንዱን እንደሚያሳጥር ሁሉም ያውቃል። ንግግሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። እንዲያው ጻፍኩት።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 29

ትኬቷ ተቆረጠ። ሐሙስ ነሐሴ 21፣ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ በዱባይ በኩል። ርካሹ እሱ ስለሆነ አይለወጥም፣ አይመለስም፤ ካመለጠ አመለጠ። ጋሽ መክብብ እንደ ልማዳቸው ቁጥሩን በዓይናቸው ሸኙ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው የመጨረሻው ነው አሉ። ካርዱ መስከረም ላይ ጊዜው ያልፍበታል። አዲሱን ባንኩ የሚልከው ስዊድን ወደነበሩበት ቤት ነው፤ እዚያ የሚቀበል ሰው የለም።

እንግዲህ አስራ ሁለተኛው ጉዞ የመጨረሻው መሆኑ ነው። አጃቢው እኔ፣ ተሳፋሪዋ ሙንተሃ። አምስት ሰዓት መንገድ ጎን ለጎን። ሳላስቃት ካደረስኳት ስሜን ቀይሩልኝ።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 5

ሥራዬ ሁሉ ከዛሬው በታች ነው።

ካርድ ሠራሁ። መጠኑ ልክ እንደ ጋሽ መክብብ ካርድ፣ ቀለሙ ሰማያዊ፣ ሁለቴ ላሚኔት ስላደረግሁት ጠንካራ። ፎቶው ሙንተሃ ባለፈው ዓመት ልታስነጥስ ስትል ያነሳኋት ነው። ሥሩ ላይ በቆንጆ ፊደል፦ "የዚህ ካርድ ባለቤት ከሀዋሳ እንድትወጣ አይፈቀድላትም።" ማህተሙ የብርጭቆ ቂጥ።

ዕቅዱ እንዲህ ነው። የመነጽር ቤቱ ሲታሸግ ውስጥ የሚገባው የእኔው ካርድ ይሆናል። እውነተኛው ካልሲዬ ውስጥ። ሞጆ ሻይ ለመጠጣት ስንወርድ "እስኪ ካርዱ በደህና መኖሩን እንይ" ብዬ ፕላስተሩን አነሳዋለሁ። እሷ ትጮሃለች። አውቶቡሱ ሙሉ ይዞርብናል። ያኔ ካልሲዬን ዝቅ አደርጋለሁ። ከዚያ በአዲስ ፕላስተር አሽጌ የጋሽ መክብብን ፊርማ ራሴ እፈርማለሁ፤ እሱን ከድሮም እችላለሁ።

ምንም የሚበላሽ ነገር የለውም።


ሰኞ፣ ነሐሴ 11

ሙንተሃ የመጀመሪያውን ገጽ ካላየሁ አለች፤ ሌላውን በእጄ ሸፍኜ አሳየኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ውሸት የለበትም" አለች። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወስዳ ዓሣዬን ጋበዘችኝ፤ የአክስቷ የፈትያ ልጅ መሀላችን ተቀምጦ አጥንቱን ለአባ ኮዳዎቹ ይወረውራል። አክስቷ አዲስ አበባ ናቸው፤ የበረራው ዋዜማ እሳቸው ቤት ነው የምናድረው። ልጁ ለክረምት መጥቶ ነው።

ስንነሳ ምን አለችኝ? "ውሸት የለበትም፣ ግን እውነቱም ሁሉ አልተጻፈበትም።" ወላሂ ይህቺ ልጅ ፋርማሲ ሳይሆን ፖሊስ ነበር መግባት ያለባት።

አስር ቀን።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 19

ከሰዓት ጋሽ መክብብ ካርዱን ይዘው መጡ። ደብዳቤውን አነበብኩ፣ አጠፍኩ፣ ካርዱን ከእጃቸው ተቀበልኩ፣ መነጽር ቤቱን ዘጋሁ። የገባው የእኔው ነው። እጄን ማንም አላየም፤ እኔ ራሴ እንኳ አላየሁትም ማለት ይቻላል። እሳቸው ፕላስተሩን ለጥፈው ፈረሙ፣ ከዚያ እንደ ሕፃን ራስ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። እውነተኛው አሁን ካልሲዬ ውስጥ ነው።

ሱቅ ልንዘጋ ስንል ጋሽ ሙህዲን መጡ። "እኔ ነኝ የምሸኛት" አሉ። አራት ዓመት ለማላያት ልጄ አንድ መንገድ ቢደርሰኝ ምን አለበት አሉ። "ሮቢ፣ አንተ ሱቁን ጠብቅ።" ቁልፉን በእጄ ላይ አኖሩ። በሕይወቴ ቁልፍ የሰጠኝ ሰው የለም።

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? "ካርዱ ካልሲዬ ውስጥ ነው" ልበል? ቁልፉ ገና እጄ ላይ ሳይሞቅ?

ችግር የለም። ነገ ጠዋት መነኻሪያ እሸኛቸዋለሁ፤ እዚያ እቀይረዋለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 20

ጠዋት 1 ሰዓት። ሄዱ። መነኻሪያው ሰው በሰው ነበር። መነጽር ቤቱ ጋሽ ሙህዲን ኮት ኪስ ውስጥ፣ ኮቱ የተቆለፈ። ሙንተሃ በመስኮት "ኮምፒውተሬን እንዳታስቃት" አለችኝ። መናገር ነበረብኝ፣ ጊዜ አልነበረም።

3 ሰዓት። ደንበኛ በዛ። በረራው ነገ 9 ሰዓት ነው። ገና ነው።

3 ሰዓት ተኩል። አሁን አዳሚ ቱሉ ይደርሳሉ። አውቶቡሱ መነኻሪያ ውስጥ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆሞ ነበር። እንዲያው ልጻፈው ብዬ ነው።

5 ሰዓት። ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ካልሲውን፣ ዕቅዱን፣ ሁሉንም። ሳቀች። "ሮቢ፣ ዛሬ እንኳ ተወን" አለች። በእናቴ ሙሉ ስም ማልኩላት። "በእሷ ስም ባለፈው ወር አዞ ሐይቅ ውስጥ አየሁ ብለህ ምለህልኛል" አለችኝ። እውነቷን ነው። ክፈቺው አልኳት። ፊርማ ያለበትን ፕላስተር ቀድጄ ቦሌ ላይ ምን ልበል ነው አለች፤ እሱም እውነቷን ነው። ለጋሽ ሙህዲን ስልኩን ሰጠቻቸው። የተናገርኩትን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ በረጅሙ ተንፍሰው "አባ ኮዳውስ ደህና ነው?" አሉኝና ዘጉት። ከዚያ ወዲህ አያነሱም።

10 ሰዓት። ሱቁን ዘግቼ ታቦር ወጣሁ። ለጋሽ መክብብ ነገርኳቸው። ካርዱን ከካልሲዬ ሳወጣ ፊታቸውን አላየሁም፤ መሬት መሬት ነበር የማየው። እሳቸውም ይደውሉ ብዬ ነበር፤ ቁጥሩን ሲነኩ የሁለቱም ተዘግቷል ይላል። ከእኔ ለመገላገል አጥፍተውት ይሆናል። ስልኩን አስቀምጠው ጠየቁኝ።

"ካርዱ ካንተ ጋር ነው?"

"አዎ።"

"ታዲያ እኔ ቤት ምን ትሠራለህ?"

የዛሬው የመጨረሻ መኪና ወጥቷል። የአክስቷን የፈትያን ቤት ኮልፌ ነው ከማለት በቀር የማውቀው የለም። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሄዳለሁ። 6 ሰዓት ሳይሞላ ቦሌ ነኝ። ሲመጡ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ፤ እንዲያውም ቀድሜያቸው።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 21

ዋሲሁን በባጃጁ በነፃ መነኻሪያ አደረሰኝ። ፈቃዱን አሁንም መስታወቱ ላይ ለጥፎታል። ውሸት መሆኑን ነገርኩት። "ይሁን፣ ያምራል" አለ።

ዝዋይ። ጎማ ፈነዳ። ተቀያሪውም ንፋስ የለውም። 4 ሰዓት።

ዝዋይ። 5 ሰዓት ከሩብ። ረዳቱ ተቀያሪውን ጎማ እየገፋ ወደ ከተማ ሄዶ አልተመለሰም። አንዲት እናት ምን ሆነህ ነው የምትንቆራጠጠው አሉኝ። ካርድ ይዤ ነው አልኳቸው። የሞባይል መስሏቸው "ሙላውና ደውል እንጂ" አሉኝ።

በጭነት መኪና ነኝ፤ ለምኜ ነው የገባሁት። ሹፌሩ የት ያስቸኩልሃል አለኝ። ሳልቀልድ ነገርኩት። ሳልቀልድ ስናገር ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል። ነዳጁን ረገጠ።

ቃሊቲ። 7 ሰዓት። መንገዱ ተዘግቷል። ሻንጣ የሚቀበሉት እስከ 8 ነው።


አርብ፣ ነሐሴ 22

በሥርዓቱ ልጻፈው።

ቦሌ ስደርስ ለ8 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። በሩ ላይ ትኬት የሌለው አያልፍም፤ አስራ አንድ ጊዜ የቆምኩበት ስለሆነ አውቀዋለሁ። ጋሽ ሙህዲን መስታወቱ ጋ ቆመዋል፤ ጀርባቸው ነው የሚታየኝ። ሙንተሃ ከመስታወቱ ወዲያ ናት። ሻንጣዋ አጠገቧ አለ፤ አልተቀበሉትም። አባቷ እንዲያዩት ካርዱን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ይዛዋለች። የእኔን ካርድ። በዚያ ግዙፍ ሕንፃ ውስጥ፣ ከዚያ ሁሉ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መሀል፣ ልታስነጥስ ያለችው ፎቶና የእኔ ቆንጆ ፊደል።

ጋሽ ሙህዲን ያነባሉ። ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ የት እንደደረሱ አውቃለሁ። "ከሀዋሳ እንድትወጣ" ላይ ቆሙ። ከዚያ ቀሪዋን ቃል አነበቡ።

ጎናቸው ደረስኩ። ሰላም አላልኩም። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ካልሲዬን ዝቅ አደረግሁ፣ ካርዱን አወጣሁ። በሩ ላይ የቆመችው ጥበቃ ቀድማ የመስታወቱን ካርድ አይታው ኖሯል፤ የሰጠኋትን አገላብጣ አየችና "ይኼኛውስ ምን ይላል?" አለችኝ።

"ይኼኛው ያስወጣል" አልኳት።

ይዛላት ገባች። ሙንተሃ ሮጠች። ከሩቅ አየናቸው፤ ተቀባዩ ካርዱን ያዘ፣ የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች ከስክሪኑ ጋር አስተያየ፣ ደብዳቤውን ዘርግቶ አየ፣ አንድ ሰው ጠራ። ሁለተኛው ሰው መጥቶ እንደገና አየ። ጋሽ ሙህዲን ክንዴን ይዘውኝ ነበር። ሊመቱኝ መሰለኝ፤ ለካ ተደግፈውኝ ነው። ከዚያ ሻንጣዋ ላይ ረጅሙን ወረቀት አሰሩበትና ያ ጥቁር ጎማ ይዞት ሄደ።

ተመልሳ መጣች። የመነጽር ቤቱን ለጥበቃዋ ሰጠች፤ ሕጉ ነው፣ ካርዱ ይመለሳል። አባቷን በመስታወቱ ላይ እጇን አድርጋ ተሰናበተች። እኔን አየችኝ። አልሳቀችም። ጠበቅሁ። አልሳቀችም። ዞራ ሄደች።

ስንመለስ ጋሽ ሙህዲን እስከ ሞጆ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያዩ ነበር። ሞጆ ሻይ ልንጠጣ ወረድን፤ ያቀድኩበት ቦታ መሆኑ ነው። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ ስኳራቸውን አማሰሉ።

"ሮቢ" አሉ። "ቀልድህ ውስጥ እውነት ሲኖር በደረቁ ተናገረው። ሰው እሺም ይልህ፣ እምቢም ይልህ፣ ቢያንስ ይሰማሃል።"

የትኛው እውነት ብዬ አልጠየቅሁም። ቁልፉን ወደ እኔ ገፉት።

ዛሬ ጠዋት ታቦር ሄጄ ለጋሽ መክብብ የመነጽር ቤቱን መለስኩ። እሳቸው ከፈቱት። ካርዱ አለ። ደብዳቤውም አለ። የእኔው ካርድ ግን የለም። ሁለት ጊዜ ፈለግሁት፤ ጨርቁን ሳይቀር ገልጬ። የለም። እዚያው ጥላው ይሆናል።


አርብ፣ ጳጉሜ 6

ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ናት፤ አንድ ቀን ተርፎልን ነው። ጋሽ መክብብ ሱቅ መጥተው መቀስ ለመኑኝ። ካርዱን ራሳቸው ለሁለት ቆረጡት። መነጽር ቤቱን ለእኔ ተዉልኝ፤ መነጽር እንደማላደርግ ነገርኳቸው፤ "ታደርጋለህ፣ ጠብቅ" አሉኝ።

ለጋሽ ሙህዲን ሁለት ጊዜ ደውዬ ሁለት ጊዜ እውነት ነገርኳቸው፤ አንዱ የቀለም ማለቅ፣ አንዱ የመብራት መጥፋት። ሁለቱንም ጊዜ መጥተው በዓይናቸው አይተው ሄዱ። እየተሻሻለ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ወንበሩን ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ፤ ገና አላደረግሁትም።

ከሰዓት መልእክት መጣ። ከሙንተሃ። እንዲህ ይላል፦

"ተመዝግቤያለሁ። መታወቂያ ሲጠይቁኝ ያንተን ካርድ ሰጠኋቸው። የሀዋሳ ማህተም ስላልገባቸው ፓስፖርት አምጪ አሉኝ። ካርዱን ግን አልመልስልህም። በደረቁ ልትነግረኝ የምትፈልገው ነገር ካለ ቁጥሬ ይኸው።"

አራት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ደንበኛ መታወቂያውን ዘርግቶ ቆሞ ነበር፤ ገልብጬ ኮፒ አደረግሁለትና ባዶ ወረቀት ይዞ ሄደ።

መልስ አልጻፍኩም። ጊዜ አልነበረም። ደንበኛ በዝቶ ነው።

አሁን ሱቁ ተዘግቷል። ማንም የለም፤ ስልኩ እጄ ላይ ነው።